ግጥም የማይሰማበት የደንገዛ ሜዳ

በደንገዛ ሚካኤል ግርጌ በተንጣለለው ሜዳ ዛሬም በየዓመቱ የገና ጨዋታ ይካሄዳል፤ ሆኖም በሌላው አገር ጨዋታውን የሚያሟሙቀው የስድብ ግጥም በዚያ ሜዳ ከቶ አይሰማም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ የደንገዛ ሰው ግጥም አያውቅም ብሎ ያማል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

አባቶች እንደሚሉት፣ በቀድሞው ዘመን በደብሩ ቅኔ ቤት ዘርጋው የሚባል ከዓባይ ማዶ የመጣ ተማሪ ነበረ። በመጣበት ዓመት ተማሪዎቹ በገና ጨዋታ ከባላገሩ ጋር ሲገጥሙ፣ የእንጨት ኳሷን ሩሯን ብቻውን እየነዳ ከባላገሩ ድንበር አሳለፋት ይባላል። ቀድሞ ቁራሽ ሲለምኑ ውሻ ይለቀቅባቸው የነበሩት ተማሪዎችም ከዚያ ወዲህ በእርሱ ስም በየደጁ ተከበሩ፤ እናቶችም «የዘርጋው ጓደኞች መጡ» እያሉ ከትኩሱ ይቆርሱላቸው ጀመር።

እንዲህ ሲያስከብራቸው ኖሮ፣ በመጨረሻው ገና ከባላገሩ ወገን የተሰነዘረ ዱላ ሩሯን ስቶ ዐናቱን መታው። ዘርጋው ከሜዳው ዳር ተቀመጠና እንደ ወንድም የሚወደውን ጓደኛውን ቀለመወርቅን፣ «ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ጥቂት ልረፍ» አለው። ባላገሮቹም፣ «አንተ ተማሪ፣ ቁራሽ የሚለመነው ከደጅ ነው፤ እዚህ ምን ያስቀምጥሃል!» እያሉ ተሳለቁበት። ቀለመወርቅ ከቅኔ ቤቱ ሁሉ አንደበቱ የሰላ ነበርና፣ ጓደኛውን በእልህ ሊያስነሣው አስቦ እንዲህ ሲል ገጠመበት፦

«ዱላ ሲነካው ቁጭ ያለ ጎበዝ፣
እንዝርት ስጡት፣ ልቃቂት ይያዝ።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ዘርጋው ግን ሳይስቅ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ። መምህሩ የኔታ ክንፉ ከደብሩ ቅጥር በር ሆነው፣ «ኧረ ተው ልጄ!» ቢሉ ድምፃቸው በጭብጨባው ተዋጠ። ዘርጋው ሩሯን እየነዳ ድንበሩን አሻገረና በዚያው በአፉ ተደፋ። ተማሪዎቹ ደስታ የጣለው መስሏቸው በዙሪያው ይዘሉ ነበር ይባላል፤ ቀለመወርቅ ሊያነሣው እጁን ቢጨብጠው ግን እጁ አልመለሰለትም።

ወላጆቹ ሩቅ ነበሩና ባላገሩ ራሱ እንደ ልጁ አልቅሶ ቀበረው። ቀለመወርቅም ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ግጥም ከአፉ አልወጣም አሉ። ከዓመት በኋላ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው በዚያ ሜዳ ግጥም እንዳይገጠም በአንድ ቃል ማሉ።

እነሆ እስከ ዛሬ በደንገዛ ሜዳ የሚሰማው የእንጨትና የእግር ድምፅ ብቻ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቁጭ ቢል፣ ባላጋራው ሳይቀር ዱላውን መሬት አኑሮ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል እንጂ፣ «ተነሥ» የሚለው ሰው የለም።