የገንዳው አንዷ ጥግ

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ።

መምህር ይትባረክ ነገራቸውን እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ ትብለጥ ጥያቄዋን ጠይቃ ስትጨርስ ነው። ትብለጥ ድሮ ያስተማሯት ተማሪያቸው ናት፤ አሁን የሦስት ልጆች እናት ሆናለች። አምና እህቷ ስትሞትባት የእህቷን ልጅ ወደ ቤቷ አመጣቻት። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከመጣች ጀምሮ ትንንሾቹን ትቆነጥጣለች፣ ትገፈትራለች፤ የመጨረሻዋንማ በር ዘግታባት አስለቅሳታለች። «መምህር፣ ቤቴ ሰላም አጣ» አለቻቸው ትብለጥ። «አጎቷ ክፍለ ሀገር ነው ያለው። ላኪልኝ ብሎኛል። ልላካት ወይስ ትቆይ? አደራዋ የእህቴ ነው፤ የሚደበደቡት ደግሞ የወለድኳቸው ናቸው።» መምህሩ ወዲያው ላኪያትም፣ አትላኪያትም አላሏትም። ይህን ነገሯት።

ሰዓት ሠሪው እጁ የተባረከ ሰው ነበር። የቆመ ሰዓት ሲያመጡለት ከፍቶ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል። ያያል፣ ያያልና «አገኘሁህ» ይላል። ከዚያ ጥርሱ የተበላውን መዘውር በወረንጦ ያወጣና በሌላ ይተካዋል፤ ሰዓቱም ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት የሠራው ይህንኑ ነው። በዓለም ላይ የተበላሸ ነገር ሁሉ ውስጡ አንድ ጥፋተኛ ያለው ይመስለው ነበር።

ልጆቹ አግብተው ሲወጡ ቤቱ ጭር አለበት። አንድ ቀን ከደንበኞቹ አንዱ ዘንድ ሄዶ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አየ። ውስጡ ዲስከስ የሚባሉ ዓሦች ነበሩ። እንደ ሰሃን ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ ሲዋኙ አይቸኩሉም። ወደ መስታወቱ ቀረብ ሲል እነሱም ቀረብ ብለው አዩት። ሰዓት ሠሪው እንዲህ የሚያየው ሰው ካጣ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበርና ልቡ እዚያው ቀረ። ወር ሳይሞላ እሱም ገንዳ አስገብቶ አምስት ዲስከስ ገዛ።

ዲስከስ ሞቅ ያለና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪው የቧንቧውን ውሃ በጀሪካን አሳድሮ፣ አሙቆ ይቀይርላቸዋል። መብራት ሲጠፋ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ጋቢውን ለገንዳው አልብሶ እሱ በሹራብ ይቀመጣል።

«እኔ ስንዘፈዘፍ ጋቢህን አንድ ቀን ደርበህልኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«አንቺ ብርድ ብርድ አለኝ ትያለሽ። እነሱ በምን አፋቸው ይበሉ?»

የሚወዱት ምግብ የበሬ ልብ ነው፤ ስቡ ወጥቶ፣ በጣም ደቅቆ የተከተፈ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሥጋ ቤት ሄዶ ሦስት ልብ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ደብቀው ሊበሉ ነው?» አለው ሥጋ ሻጩ።

«ለዓሦቼ ነው።»

«እንግዲህ ዓሣው ሥጋ ይብላ፣ እኛ ሽሮ እንብላ» ብሎ ሥጋ ሻጩ እየሳቀ ጠቀለለለት።

ሰዓት ሠሪ ነውና አበላሉም በሰዓት ነበር። ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በገንዳው የቀኝ ጥግ፣ ከተጋደመው እንጨት በላይ ይጥልላቸዋል። ወንበሩ በዚያ በኩል ስለሆነ ይመቸዋል። አንድ ደቂቃ አያዛንፍም፣ አንድ ስንዝር ወዲያና ወዲህ አይልም። በዚህም ይኮራ ነበር።

በሁለተኛው ወር ሰላማቸው ደፈረሰ። ከአምስቱ ትልቁ ቀዩ ነበር። ቀዩ ከእንጨቱ ሥር ቆሞ የቀረበውን ሁሉ በግንባሩ ይገጫል። ከሁሉ የባሰባት ትንሿ ሰማያዊ ናት። ዲስከስ ሲከፋው ይጠቁራል፤ ሰማያዊዋም ጠቁራ፣ ክንፏን አጣብቃ፣ አንገቷን ደፍታ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ተደበቀች። መብላት አቆመች። በሳምንት ውስጥ ከፊት ለፊቷ ሲያዩዋት እንደ ወረቀት ሳሳች።

ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ አየ። አየ፣ አየና ቀዩን «አገኘሁህ» አለው። በመረብ አውጥቶ ለብቻው በባልዲ አደረገው።

ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ እስከዚያ ድረስ ገር የነበረው ባለ መስመሩ ዓሣ ከእንጨቱ ሥር ቆመና ሌሎቹን መግጨት ጀመረ። እሱንም አወጣው። ከእሱ በኋላ ቢጫው ተነሣ። ቢጫውንም አወጣው። ከሰማያዊዋ ጋር የቀረችው ነጯ ዓሣ በሕይወቷ ማንንም ነክታ አታውቅም። በማግስቱ እሷም ሰማያዊዋን ስታሳድዳት ዋለች። እሷንም አወጣት።

አራት ባልዲ በግድግዳው ሥር ተደረደረ።

«ቤቴን እስር ቤት አደረግኸው» አለች ሚስቱ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ባልዲዎቹን እየተሻገረች።

«ጥፋተኞች ናቸው።»

«አራቱም?»

«አራቱም።»

«ከአምስት አራቱን ካሰርክስ ነገሩ ከዳኛው ሳይሆን አይቀርም» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ሰዓት ሠሪው ወደ ገንዳው ዞረ። ዓይኑ ሰማያዊዋ ላይ ነበር። ገንዳው በሙሉ የእሷ ሆኗል፤ የሚነካት የለም። እሷ ግን ከማሞቂያው ጀርባ አልወጣችም። የበሬውን ልብ በጣቱ እያደቀቀ ጣለላት፤ ምግቡ ከፊቷ አልፎ አሸዋው ላይ ወደቀ። ዲስከስ ብቻውን የማይኖር ዓሣ ነው። የሚያሳድዷት በሄዱ ጊዜ የምትተማመንባቸውም አብረው ሄደውባታል።

ከዚያ የቀዩን ውሃ ሊቀይር ወደ ባልዲው አጎነበሰ። ያ ጉልበተኛ እንደ ከሰል ጠቁሮ በጎኑ ተጋድሟል። ሰዓት ሠሪው እጁን ሲከት የሚገጨው መስሎት ነበር። ዓሣው ግን ቀስ ብሎ ተነሣና መጥቶ መዳፉ ውስጥ ተጠጋ። ሰውነቱን መዳፉ ላይ አስደግፎ ቆመ። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል። ሰዓት ሠሪው እጁን ማውጣት አቃተው። ወገቡ እስኪደነዝዝ ድረስ እንዳጎነበሰ ቆየ። ሰባት ቀን ሙሉ ክፉ እያለ በልቡ ሲረግመው የነበረው ይህንን ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዓሣ የሚያራቡ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄደ። ሴትዮዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳ ያጥባሉ።

«እትዬ፣ ዓሦቼ ሊያልቁብኝ ነው» ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

ሴትዮዋ እጃቸውን ጠረጉ። «ወንድሜ፣ የቱ ዓሣ መጥፎ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። በየት በኩል ነው የምታበላቸው?»

«በቀኝ በኩል። በአንዷ ጥግ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ» አለ፤ እንደ ልማዱ በኩራት ሊለው ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ቀዘቀዘበት።

«እንግዲህ እንጀራቸው የሚወርደው በአንዲት ጥግ ነው። ከዚያች ጥግ የራቀ ዓሣ ጦሙን ያድራል። ታዲያ ጉልበት ያለው እዚያ ባይቆም ነበር የሚገርመኝ። ቀዩን ብታወጣው ባለ መስመሩ ይቆማል። ጥጓ እስካለች ድረስ የሚቆምባት አይጠፋም።»

«ምን ላድርግ?»

«ሁሉንም መልሳቸው። አንድ በአንድ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ከመመለስህ በፊት እንጨቱንም ድንጋዩንም አንሣና ቦታውን ቀያይረው፤ ሲገቡ ለሁሉም አዲስ አገር ይሁን። ምግቡን በሦስት ቦታ በትን። አምስት ደግሞ ያንሳሉ፤ ጥቂት ሲሆኑ አንዱ ያንዱን ዓይን እያየ ይውላል። ሦስት እጨምርልሃለሁ።»

«ጨምሬ ሰላም ይሆናል?»

«ሞክረው። ካልሆነ መጥተህ ስደበኝ።»

ሰዓት ሠሪው እንጨቱን ወደ መሐል አመጣ። ድንጋዮቹን በየቦታው አደረገ። ወንበሩን ከቀኝ ጥግ አንሥቶ ወደ ጓዳው በር አራቀው። የገንዳውን መብራት አጥፍቶ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ አስገባቸው። ዓሦቹ ቦታውን ስላላወቁት ተጠጋግተው ቆሙ፤ ቀዩም፣ ሰማያዊዋም፣ አዲሶቹም። ማን አሳዳጅ፣ ማን ተሳዳጅ እንደሆነ አያስታውቅም ነበር። ምግቡን በግራ በተነ፣ በመሐል በተነ፣ በቀኝ በተነ። ቀዩ ወደ ግራው ሮጠ። ቦታውን ሊጠብቅ ቆመ። ሌሎቹ በመሐል ሲበሉ አየና ወደዚያ ዞረ። በዚህ መሐል በቀኝ በኩል ሰማያዊዋ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ ብላ አንዲት ፍርፋሪ ጎረሰች።

ሰዓት ሠሪው ሚስቱን ጠራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ቢጮህ ዓሣዋ የምትተፋው መስሎት ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ሁለተኛዋን ፍርፋሪ ስትጎርስ አዩዋት።

ቀዩ መልአክ አልሆነም። አሁንም አልፎ አልፎ አንዱን ገጨት ያደርጋል። የተገጨው ግን ዞር ብሎ ሌላ ቦታ ይበላል፤ ቀዩም አያሳድደውም። የሚጠብቀው ጥግ የለውማ። ወር ሳይሞላ ሰማያዊዋ ቀለሟ ተመለሰ።

መምህር ይትባረክ እዚህ ላይ ቆሙና ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጆቹ ይከቡኛል። ሳሎን፣ በሩ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ትንሿ ጭኔ ላይ ናት። ሁለቱ በግራና በቀኝ ናቸው። እስኪተኙ ድረስ ያለችኝ ያቺው ጊዜ ናት።»

«የእህትሽ ልጅስ የት ትቀመጣለች?»

ትብለጥ ጭኗን፣ ግራና ቀኟን በልቧ ቆጠረች። በመጨረሻ «ትቆማለች» አለች። «ቆማ ነው የምታየን። ከዚያ ነው ትንሿን የምትገፈትራት።»

«አየሽ ልጄ» አሏት መምህሩ፤ «ገንዳው ቤትሽ ነው፤ ያ እንጀራ የሚወርድባት ጥግ ያቺ ሶፋ ናት። ልጅቷ እናቷን ቀብራ ወደ ቤትሽ ስትገባ ቦታው ሁሉ ተይዞ ቆያት። የምትገፋው ክፉ ሆና አይደለም፤ ርቧት ነው። ብትልኪያት ሁለት ቀን ሰላም ታገኚ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ያንቺው የራስሽ ልጅ ይነሣብሻል። እሷም በሄደችበት አገር ጠቁራ ትጋደማለች። አትላኪያት። ዛሬ ስትገቢ ሶፋው ላይ አትቀመጪ። ወደ ወጥ ቤት ሂጂና እሷን ብቻ ጥሪያት፤ ሽንኩርትም ቢሆን አብራችሁ ላጡ። ትንንሾቹ ያለቅሳሉ። ትንሽ ያልቅሱ። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀመጪ።»