በጉንዲት ደን እጅ ለምን ወደ ኋላ ይታጠፋል

በጉንዲት መንደር መስከረም ሲጠባ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ደኑን ሲዞር ይውላል። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናብ ያበቀለውን እንጉዳይ ቆሞ ያያል እንጂ አይነካም። ረስቶ እጁን የዘረጋ እየተሳቀበት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክፉ ክረምት ነው። የጎተራው እህል አልቆ፣ አዲሱ ገና ሳይደርስ፣ መንደሩ ከደኑ በሚለቅመው እንጉዳይ ይኖር ነበር ይባላል። አንድ ቀን አትጠገብ የምትባል ሴት ወንድም ከነሚስቱ የለቀመውን በልቶ ሞተ። ትንሿ ልጃቸው ተኝታ ስለነበር ሳትበላ ተረፈች፤ አትጠገብም ወስዳ ታሳድጋት ጀመር። የመንደሩ ዳኛ አባ ቢተው ግን፣ «ከእንግዲህ ከደኑ አንዲት ነገር የቆረጠ ከመካከላችን ይውጣ» ብለው ፈረዱ።

አትጠገብ ከወንድሟ ቅርጫት የተረፈውን አይታ ነበር። ከላይ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ከታች ግን ግማሹ እንደ ጭራ የረዘመ ሥር ሲኖረው፣ ግማሹ በቀጭን ከረጢት ውስጥ የቆመ ይመስላል። ገዳዩ ካልተለየ ልጅቷም መንደሩም በረሃብ ማለቃቸው ነውና ወደ አባ ቢተው ሄደች።

«ደን ልግባ፣ አባቴ።»

«ፍርዱን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የከለከሉት እጅን ነው። እጄን ይሰሩትና በዓይኔ ልይ።»

አባ ቢተው ሳቁ። «አፍንጫሽ ላይ ዝንብ ቢያርፍ በምን ልታባርሪው ነው?»

«አስነጥሳለሁ።»

እጇ በጠፍር ወደ ኋላ ታሰረ። እንደሚነገረው ነሐሴን ሙሉ በየማለዳው እየታሰረች፣ ጭቃው እያዳለጣት በደረቷ እየወደቀች፣ ደኑን ዞረች። መንቀል ስለማትችል ጎርፍ የሸረሸረውንና ከርከሮ የቆፈረውን እየጠበቀች ታይ ነበር። ባለጭራው የሚበቅለው ከምስጥ ኩይሳ ላይ ብቻ ነበር፤ አያቶቿም ሲለቅሙ የምታውቀው ከዚያው ነው። ባለከረጢቱ ግን ከዛፍ ሥር ነበር። ወንድሟ ኩይሳው ሲራቆትበት ከዛፍ ሥር ጨምሮ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

«የገደለው ከዛፍ ሥር የበቀለው ነው» አለች ሕዝቡ በተሰበሰበበት።

«ማን ይመሰክርልሻል?» አሏት አባ ቢተው።

«ሆዴ!»

እሳቸው ራሳቸው ከኩይሳው አስለቅመው አስቀቀሉላትና በልታ ከዋርካው ሥር ተቀመጠች። ወንድሟን መርዙ በሦስተኛው ቀን ስለነበር የገደለው፣ ሦስት ቀን ተጠበቀች። ልጅቷ ወደ ድስቱ እየተሳበች ስታለቅስ አባ ቢተው በጉልበታቸው መካከል ይዘው አስቀሯት፤ እሳቸውም ያለቀሱ ይመስል ነበር ይላሉ። በአራተኛው ቀን አትጠገብ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«በሉ አሁን ስጧት» አለች።

ዛሬም ከዙሩ በኋላ ከኩይሳው የተለቀመውን ቀድማ የምትቀምሰው በመንደሩ በዕድሜ የገፋችው ሴት ናት። ልጅ ቢያለቅስ፣ እንግዳ ቢቸኩል፣ እሷ ሦስት ቀን ሳትሞላ በጉንዲት እንጉዳይ የሚጥድ ቤት የለም።