በጤና ጣቢያው ደጃፍ የወለደችው

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ የገጠር ቀበሌ ሰው ሰብስቦ ይቆጣ ጀመር። «ጤና ጣቢያ ተሠርቶላችሁ አሁንም ውጭ የወለደች አለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ማን ናት? ትነሳና ሕዝቡን ይቅርታ ትጠይቅ!» አለ።

ገና ከአራስ ቤት የወጣች አንዲት ምላሰኛ ሴት ልጇን እንደታቀፈች ተነሳች።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ምጤ ሲፋፋም ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያው አድርሰውኝ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ‹አዋላጇ ወረዳ ስብሰባ ተጠርታ ሄዳለች› አለን። እዚያው ደጃፉ ላይ በአማቴ እጅ ወለድኩ፤ ደሜ አልቆም ብሎ ከሞት የተረፍኩት በእግዜር ቸርነት ነው።»

ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር አስተዳዳሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ስብሰባው እኮ ለእናንተው ነው። ‹እናቶች ለምን ጤና ጣቢያ አይወልዱም› በሚል ሳምንቱን ሙሉ ስንመክር ነው የሰነበትነው። ትንሽ መታገስ አቃተሽ?»

«እኔስ በታገስኩ፤ ልጁን ‹ስብሰባው እስኪያልቅ ቆይ› ብዬ ብለምነው አልሰማኝም» አለች። «ለማንኛውም እኔ ግማሽ ቀን አምጬ ይሄን የመሰለ ልጅ ታቅፌያለሁ። እናንተ ሳምንቱን ሙሉ አምጣችሁ ምን ወለዳችሁ?»