ሜዳው የሞላበት ግንብ

አንድ ሰው ነበር፤ ሚስቱን በማለዳ የቀበረ።

የት አገር ነው፣ በማን ዘመን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ምሳሌ ነው የምነግራችሁ። ጌቶች ሁሉ የድንጋይ ግንብ በሚያሠሩበት በዚያ በድሮው ጊዜ ይሁንላችሁ። ሰውየው የትንሽ አገር ገዥ ነው፤ ሰማንያ አባወራ ቢሆን ነው። ቤቱ የሣር ክዳን፣ አጥሩ እሾህ። እሱ በሌለበት ቀን ወራሪ መጣ። ሲመለስ ሚስቱን ደጃፏ ላይ ወድቃ አገኛት።

አንድ ልጅ ነበረችው፤ ትርንጎ የምትባል፣ የሦስት ዓመት ልጅ። እሷ ተርፋለች። እንዴት ተረፈች? አያ ጓንጉል የሚባል ጎረቤት፣ ተራ ገበሬ፣ የራሱን ቤት እሳት ሲበላው እያየ ልጅቷን በጀርባው አዝሎ ዱር ገባ። እንዲህ ነው የተረፈችው።

ሰውየው መቃብሩ ላይ ቆሞ ማለ። «ከእንግዲህ ከሰዌ አንድ እንኳ ደጅ ላይ አይሞትብኝም!» አለ። ከልቡ ነበር። እያለቀሰ ነው ያለው። አልዋሸም፣ ወገኖቼ፤ እሱን እንደ ውሸታም እንዳታዩብኝ።

ከሩቅ አገር ግንበኛ አስመጣ። ግንበኛው ገና ከበቅሎ ሳይወርድ ሰውየው «ግድግዳውን ስንት ክንድ ታወፍረዋለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ግንበኛው ሳቀበት። «ጌታው፣ ግድግዳውን ለእኔ ይተዉት። መጀመሪያ ሰውዎን ይጥሩልኝ። ከነሕፃኑ፣ ከነሽማግሌው፣ ከነከብቱ ይምጣ» አለው።

መጡ። ኮረብታው ላይ አቆማቸው። «ኧረ እንዲህ አትጣበቁ! ጦር ሲከባችሁ ወር የምትቀመጡበት ነው፤ መተኛ አትፈልጉም? ላሟስ አትተኛም?» እያለ እየተቆጣ ዙሪያቸውን ገመድ ዘረጋ፤ በገመዱ ልክ ችካል ተከለ። ግድግዳው የቆመው በዚያ ችካል ላይ ነው። ግንቡ የተለካው በሰው ነው!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ግንብ ለምንድን ነው የሚሠራው? ዛሬ ፍርስራሹ ሥር ቆማችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ፤ «ወይ ጥበብ!» ትላላችሁ። ትመለሳላችሁ። ማማው የረዘመው ጠላትን ከሩቅ ለማየት ነው። መስኮቱ የጠበበው ጦር እንዳይገባበት ነው። በእርግጥ የጌታው መኖሪያም ነው፤ መፍረጃውም፣ እህል ማስቀመጫውም ነው። ባሕር ማዶም እዚህም እንዲያ ነበር። ግን በክፉ ቀን ያ ሁሉ ግድግዳ የምን አጥር ነው? የመሐሉ ሜዳ አጥር ነው። ሰው የሚገባበት ባዶ ሜዳ ከሌለው፣ ግንብ የጌታው ሣጥን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

አምስት ዓመት ፈጀ። ወንዱ ድንጋይ ተሸከመ፤ ሴቱ ለኖራው ውኃ ቀዳ። አያ ጓንጉል ወገቡ የጎበጠው ያኔ ነው። ማንም «ለምን?» አላለም። ቦታው የራሱ ነዋ!

ግንቡ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ሜዳው ባዶ ሆኖ ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት አዝመራው ጥሩ ነበር፤ ሰውየው ሜዳው ላይ ጎተራ አቆመ። ነውር አለው? የለውም። ቀጥሎ የበቅሎ ጋጣ። በቅሎ ዝናብ ይምታት? ቀጥሎ የእንግዳ አዳራሽ። ቀጥሎ የጠጅ ቤት። ቀጥሎ የግንድ መከመሪያ። በመጨረሻ፣ ጉድ ስሙ፣ የሎሚ አትክልት! ውኃ እየተቀዳለት።

አያ ጓንጉል አንድ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «ጌታዬ፣ አይቆጡኝና የእኛስ ቦታ?» አለ።

«አያ ጓንጉል! አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ስጋት! ጦር ሲመጣ እናፈርሰዋለን፤ ያንድ ቀን ሥራ ነው» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። አያ ጓንጉልም አመነው። እጅ ነሥቶ ሄደ።

ይህን ቃል የማታውቁት አላችሁ? ጦር ሲመጣ እናፈርሰዋለን። እስኪ እጁን ያውጣ!

ሃያ ዓመት አለፈ። ትርንጎ የአያ ጓንጉልን ልጅ አገባች፤ ከግንቡ ወርዳ መንደር ገባች። አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ እሷ እናት የላትም። ስለዚህ አማቷ ቤት ወለደች፤ ወንድ። አባቷ ማር ላከ፤ «ክርስትናውን እኔ ቤት እናደርገዋለን» አለ። በደስታ ያብድ ነበር።

ልጁ በተወለደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ማማው ላይ ያለው ዘበኛ ጮኸ።

ሰውየው እየሮጠ ማማው ላይ ወጣ። ወዲያ ማዶ አቧራ። ከዚህ ደግሞ ሰማንያው አባወራ፣ ከነልጁ ከነከብቱ፣ ሽቅብ ወደ ግንቡ ይጎርፋል። ዞር ብሎ ወደ ሜዳው ቁልቁል አየ። ምን ሜዳ አለና? ጎተራ፣ ጋጣ፣ አዳራሽ፣ ግንድ። ከበሩ እስከ አዳራሹ ሁለት በሬ ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ብቻ ቀርቷል። ሰውና ከብት በሩ ላይ ቢታጎር በሩ አይዘጋም፤ በሩ ካልተዘጋ ወራሪው አብሮ ይገባል። እንዲህ አሰበ። ልክ ነው እኮ! ስሌቱ ልክ ነው!

«ዝጉት!» አለ።

ተዘጋ።

ሕዝቡ በሩን በእጁ ይደበድብ ጀመር። ሰውየው ከላይ ሲያይ፣ ከሰዉ ኋላ አንዲት አራስ፣ ጎባጣ ሽማግሌ ደግፏት ትመጣለች። ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። ከትልቁ በር ጎን ያለችውን ጠባብ በር ራሱ ገርበብ አደረጋት።

«ትርንጎ! ልጄ! ነይ፣ አንቺና ልጅሽ ግቡ!»

«አባዬ፣ አያ ጓንጉልስ? ባሌስ?»

«ቦታ የለም፣ ልጄ! ለእነሱ ከከፈትኩ ለሰማንያው መክፈቴ ነው። በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ግቢ!»

አያ ጓንጉል ራሱ ገፋ አደረጋት። «ግቢ፣ የእኔ እናት። ሕፃኑን ይዘሽ ግቢ» አላት።

እሷ አልገባችም። «አዝለውኝ የሮጡ ቀን ቦታ አለኝ የለኝም ብለው ጠይቀዋል?» አለችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «አባዬ፣ እነዚህን ሁሉ ወዴት ሂዱ ነው የሚሉት?» አለች።

 የሰውየው እጅ መወርወሪያው ላይ ነበር፤ የትልቁን በር መወርወሪያ ጨብጧል። ቢስበው ይከፈት ነበር። አልሳበውም።

ትርንጎ ነጠላዋን ልጇ ላይ አለበሰች፤ ከሰዉ ጋር ቁልቁል ወደ ዱሩ ወረደች።

ሰውየው ማማው ላይ ተመለሰ። ሁሉን አየ። ዱሩ ሩቅ ነው፤ ወንዙ ላይ ደረሱባቸው። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም።

ወራሪዎቹ ወደ ግንቡ ቀና ብለው አዩና አለፉ። አንድ ድንጋይ አልወደቀም። አንዲት ሎሚ አልረገፈችም።

በማግሥቱ ሰውየው መጥረቢያ አነሣ። ጎተራውን፣ ጋጣውን፣ አዳራሹን፣ አትክልቱን ከሎሌዎቹ ጋር አፈረሰው። ስድስት ቀን ፈጀበት። ሜዳው ባዶ ሆነ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ማን ይግባ? የተረፉት ጥቂቶች አገር ለቀው ሄደዋል። ሰውየው በዚያ ግንብ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሳይታመም፣ ማንም ሳይነካው፤ ጠዋት ጠዋት በረኛውን «ክፈተው» እያለ።

እንግዲህ መጨረሻው ላይ በሩን ከፈተና ሁሉም ዳኑ ብዬ እንድነግራችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ያን ቀን አልከፈተም። እኔ ምን ላድርጋችሁ?

እናንተስ? የግቢያችሁን አጥር ከፍ አድርጋችኋል፤ በላዩ የጠርሙስ ስባሪ ሰክታችኋል። አልፈርድባችሁም፤ ሌባ አለ። ግን ውስጡ ማን ይገባል? ዓመቱን ሙሉ ማንም የማይቀመጥበት፣ ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ያለበት ሳሎን አላችሁ። ከገጠር የመጣችውን የአክስታችሁን ልጅ «ቤቱ ጠቦን ነው፣ እህቴ» ብላችሁ ሸኝታችኋል።

ቤት ይቅር፤ ልባችሁስ? ልባችሁ ሲሠራ በሰው ተለክቶ አልነበረም? በእናት፣ በአባት፣ በወንድም፣ በጎረቤት? አሁን ምን ሞላበት? ሥራ ሞላበት፣ ቂም ሞላበት፣ ስጋት ሞላበት። እያንዳንዱ ሲገባ ምክንያት ነበረው።

እኔም ከእናንተ አልሻልም። አምና አንድ የታመመ ወዳጄ «ና፣ አጫውተኝ» ብሎ ላከብኝ። ትልቅ በዓል ነበረብን። «በዓሉ ይለፍና» አልኩ። በዓሉም አለፈ፤ እሱም አለፈ። ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ለቅሶ ለማን ጠቀመው?

«ይደርሳል» አትበሉኝ። ሰውየው ለማፍረስ ስድስት ቀን ፈጀበት፤ ያ ቀን ግን የሰጠው አንድ ሰዓት አይሞላም። እናንተ ስንት ቀን ይፈጅባችኋል? ስንትስ ይሰጣችኋል?

አሁን ተነሡ እንጸልይ ማለት ነበረብኝ። አልልም። ሂዱ። ቦታ የለም ብላችሁ የመለሳችሁትን ያን ሰው ፈልጉት። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ አሁን እኔ ስናገር መጥቶባችኋል። ካገኛችሁት፣ ይዛችሁት ኑና አብረን እንጸልያለን። ካገኛችሁት።