መድፍ ጎታቹና የበሬዎቹ ወንፈል

በድሮ ጊዜ፣ ጦርነት በነበረበት በአንድ ሐምሌ፣ አንድ ትልቅ መድፍ ጋራው አናት ላይ ሳይደርስ ቀረ። እንዴት እንደቀረ ጠጋ በሉና ስሙ።

መድፉ ጎማ እንጂ ሞተር አልነበረውም። የሚስበው ባለ ሰንሰለት መኪና ነበር፤ ስሙም ጎታች ይባላል። ጎታች ጉልበቱ ብዙ፣ ቃሉም አንድ ነበር።

«ጋራው ላይ አውጣኝ» አለ መድፉ። «የማዶው መድፍ ሳይቀድመኝ ሜዳውን በጥይቴ ልረሰው።»

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጎታችን ጭቃ ያዘው። ቦራ የሚባል በሬ ከጓደኞቹ ጋር በአጠገቡ ያርስ ነበር።

«ጋሽ ቦራ፣ እስቲ ሳቡኝ» አለ ጎታች።

«እንስብሃለን። ግን ወንፈል ነው» አለ ቦራ። «ዛሬ እኛ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኛ።»

«ይሁን።»

ሳቡት፤ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ዋጠው።

«ጋሽ ቦራ፣ እባክህ።»

«ወንፈል ነው።»

«ይሁን።»

ሳቡት፤ ወጣ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ሰንሰለቱ ሰመጠ። ቦራም ደግሞ «ወንፈል ነው» አለ።

«እሺ በለውና እንሂድ» አለ መድፉ። «ለበሬ የሰጠኸውን ቃል ማን ይጠይቅሃል?»

«ይሁን» አለ ጎታች። ለሦስተኛ ጊዜ ሳቡት፤ ወጣ። ቦራም መንገዱ መሐል ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ጦርነት።»

«ሦስት ቀን አለብህ። የጤፍ መዝሪያው ሊያልፍ ነው። ማሳው ሳይዘራ ከቀረ በበጋ ገለባ የለም፤ ገለባ ከሌለ እኛም የለንም።»

«እኔ ቸኩያለሁ» አለ መድፉ።

«አንተን ማን ያዘህ? ሂድ።»

መድፉ ካለበት ንቅንቅ አላለም። በሬዎቹ ሳቁ።

«ቃል ነው» አለ ጎታች። መድፉን ፈታው፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎለት ወረደ።

በመጀመሪያው ቀን የቦራን ማሳ አረሰ። በሁለተኛው ቀን የጎረቤቱን አረሰ። በሦስተኛው ቀን መሬቱ መረገጥ ነበረበት፤ ጤፍ የተረገጠ መሬት ይወዳልና። ሌላ ጊዜ መንደሩ ከብቱን ሁሉ ነድቶ ሲያስረግጥ ይውላል። ጎታች ግን በሰንሰለቱ እየተመላለሰ ከምሳ በፊት ጨረሰው። ጥጆቹ እየዘለሉ ተከተሉት። እሱም ጥሩምባውን ነፋላቸው።

«አንተ ልጅ» አለ ቦራ፣ «እንዲህ ያለውን እግር ለጦርነት የሰጠው ማነው?»

ጎታች ወደ መድፉ ሲመለስ ቁራ አፈሙዙ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«አዘገየኸኝ» አለ መድፉ። «ይኼኔ የማዶው መድፍ ጋራው ላይ ወጥቷል።»

«አልወጣም» አለ ቁራው። «ሁለቱ ጦሮች መድፎቻቸውን ሲጠብቁ ሰልችቷቸው ትናንት ታርቀዋል።»

«የማዶው ምን ነካው?»

«እሱም ዳገት ሥር ቆሟል። ጎታቹ ወንፈል ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ማዶ፦ ወንፈል የገባ ለጠብ አይደርስም፣ ይባላል።