የአርባ ሰባት ቁጥር ወንበር

አንድ ቀን አናጢው ጓንጉል የቴክኒክና ሙያ ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ከተማችን ኮሌጅ ሄደ። የጨረሳቸው ኮርሶች ከተያዙለት ሁለት ዓመት ይቀነስለታል። ካልተያዙለት ግን በአርባ ዓመቱ ከሀ ሊጀምር ነው፤ ያውም ዘንድሮ ከምትገባው ከገዛ ልጁ ጋር እኩል። ገና ሲያስበው ያፍር ነበር።

የሬጅስትራር ኃላፊው አቶ ባንጃው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው የሚገዝፈው ንቀታቸው ብቻ ነው። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው ማስረጃውን አንድ ጊዜ አዩት።

«አይያዝም።»

«የትኛው ኮርስ ነው የማይያዘው ጌታዬ?»

«ሁሉም! ሚስማር መምታት እዚህ ትምህርት አይባልም። ‹ሙያ በልብ ነው› ሲባል አልሰማህም? በልብህ ይዘኸው ኑር፣ ወደ እኔ አታምጣው» አሉና ወረቀቱን ወረወሩለት። ወረቀቱም ተንሸራቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«ኧረ በደንብ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት፤ የመጨረሻው ፈተና ወንበር መሥራት ነበር» አለ ጓንጉል፣ ወረቀቱን ሊያነሣ እያጎነበሰ።

«ወንበር!» አቶ ባንጃው ሳቁ። «ወንበርስ ይሄ የተቀመጥኩበት ነው። ግዥ ክፍል አራት የውጭ ወንበር አምጥቶልኝ አራቱም ከሥሬ እንክትክት አሉ። ይሄ ግን ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ሲጥ ብሎም አያውቅ! እንዲህ ያለ ወንበር ብትሠራማ ኖሮ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነበር የምፈርምልህ።»

ጓንጉል ጠረጴዛው ሥር እንዳጎነበሰ ቀረ። የወንበሩ እግር ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቁጥር አየ፤ አርባ ሰባት። እሱ የተማረበት የሙያ ትምህርት ቤት የፈተና ሥራዎችን በየተማሪው ቁጥር እየተኮሰ ለመሥሪያ ቤቶች ይሸጥ ነበር። ቀና ሲል ልቡ ሞቅ ብሎት ነበር። ማስረጃውን ዘርግቶ የራሱን ቁጥር በጣቱ አሳያቸው፤ አርባ ሰባት። ከዚያ የወንበሩን እግር አሳያቸው። አቶ ባንጃው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ጌታዬ፣ አስተማሪዬ ፈተናዬን ያረመው በአንድ ቀን ነው፤ እርስዎ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጠውበት አረሙልኝ። እንግዲህ ካልተያዘልኝ ምን አደርጋለሁ፣ ፈተናዬን ይዤ ልሂድ፤ እባክዎ ይነሡልኝ።»

አቶ ባንጃው ፈረሙ። ብድግ ብለው ግን አይደለም፤ ወንበሩ እንዳይወሰድባቸው ፈርተው፣ በአንዱ እጅ ጨብጠውት በሌላው ነው የፈረሙት።