ቀጭ የሚለው መፍቻ

ተረት ነው ካላችሁ ተረት ይሁን፤ ጎማው ግን የእውነት ጎማ ነበር።

ቁልቁለቱ ራስ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ድንቄ የምትባል የዚያው ተወላጅ የሚኒባስ ሹፌር የተነፈሰ ጎማ አስቀየረች። አባቷ አቶ ወንድይፍራው ጋቢና ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች ከቁልቁለቱ በታች ቆላ ባለው ሆስፒታል የሚቆዩት ደግሞ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው። ድንቄ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ የጎማው ብሎኖች በልካቸው እንዲጠብቁ።

"በእጄ አውቀዋለሁ" አለ ጎሚስታው ጉግሳ።

"ባለፈውም በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው ያጠበቀልኝ። ከልክ አሳልፎት ኖሮ ብሎኑ ቁልቁለቱ መሃል ተቀነጠሰ። ከላላ ይፈታል፣ ከከረረ ይበጠሳል። ልኩ ሲሞላ ቀጭ የሚለው መፍቻህ የታለ?"

"ወፍጮ ቤት ነው። እትዬ የሺመቤት ሞተራቸውን ሊያጠብቁበት ወስደውት ቀረ።"

በዚያች ከተማ ዕቃ መዋስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መመለሱ ነው።

ድንቄ ወፍጮ ቤት ሄደች። "እትዬ፣ መፍቻውን ይስጡኝ። መፍቻው ብሎኑን ያጠብቃል፣ ብሎኑ ጎማውን ይይዛል፣ ጎማው አባቴን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል።"

"መፍቻውን አልሰጥም፣ በያጁ መሰላሌን ካልመለሰ" አሉ እትዬ የሺመቤት። "ጣሪያዬ እያፈሰሰ ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። መላሽ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?"

ድንቄ ወደ በያጁ ሄደች። "ጋሽ ተሰማ፣ መሰላሉን ይስጡኝ። መሰላሉ መፍቻውን ያስለቅቃል፣ መፍቻው ብሎኑን ያጠብቃል፣ ብሎኑ ጎማውን ይይዛል፣ ጎማው አባቴን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል።"

"ጎማሽን ከእኔ መሰላል ጋር ማን አዛመደው?" አሉ ጋሽ ተሰማ። "መሰላሉን አልሰጥም፣ ላቀው የመብራት ገመዴን ካልመለሰ። በምን ልበይድ? በክብሪት?"

ድንቄ ወደ አናጢው ወደ ላቀው ሄደች። "ላቀው ወንድሜ፣ ገመዱን ስጠኝ። ገመዱ መሰላሉን ያስለቅቃል፣ መሰላሉ መፍቻውን ያስለቅቃል፣ መፍቻው ብሎኑን ያጠብቃል፣ ብሎኑ ጎማውን ይይዛል፣ ጎማው አባቴን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል።"

ላቀው ጣውላ በመጥረቢያ እየቆረጠ ነበር። "ገመዱን አልሰጥም፣ መጋዜ ካልተመለሰ። ሁለት ዓመቱ።"

"ማን ወሰደው?"

ላቀው መሬት መሬት አየ። "አባትሽ። ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው እንዴት ብዬ መልሱ ልበል?" መምህሩን መጠየቅ ነውር ስለሆነበት፣ በምትኩ የበያጁን ገመድ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ድንቄ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች። አባቷ እግር ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ። ጠዋት ሲሳፈሩ ምርኩዝ መስሏት ነበር።

"አባባ፣ መጋዙን ይስጡኝ። መጋዙ ገመዱን ያስለቅቃል፣ ገመዱ መሰላሉን ያስለቅቃል፣ መሰላሉ መፍቻውን ያስለቅቃል፣ መፍቻው ብሎኑን ያጠብቃል፣ ብሎኑ ጎማውን ይይዛል፣ ጎማው እርስዎን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል።"

"አልሰጥም" አሉ፣ "ዓይኔ ካልበራ።"

"ዓይንዎ እንዲበራ አይደል እንዴ የምለምንዎት!"

"መጋዙን ከመለስኩ እኮ አናጢነቴ አበቃ ማለት ነው። ዓይኔ ባይበራስ? ምን ይዤ ልቀመጥ?"

ድንቄ ልትዋሻቸው አልፈለገችም። "እሱን አላውቅም፣ አባባ። መጋዙ እዚህ ከተቀመጠ ግን እኛም እዚሁ ነን።"

ሽማግሌው ጆንያውን ፈቱ። የመጋዙን ጥርሶች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳበሱ። ዝገዋል።

"ሳይሞርደው እንዳይቆርጥበት፣ ንገሪው" አሉና ሰጧት።

መጋዙ ገመዱን አስለቀቀ፣ ገመዱ መሰላሉን አስለቀቀ፣ መሰላሉ መፍቻውን አስለቀቀ። ጉግሳም ብሎኖቹን በትይዩ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለ ማጥበቅ ጀመረ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ መፍቻውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

"በሉ፣ መልካም መንገድ!"

"ስንት ብሎን ነው ያለው?" አሉ አቶ ወንድይፍራው ከጋቢና።

"ስድስት ነው፣ ጋሼ።"

"ቀጭ ያለው አምስቴ ነው።"

ጉግሳ ሳቀ። "በየት በኩል አይተው ነው?"

"አላየሁም። አንተ ግን አይተሃል?"

ጉግሳ ጎንበስ አለ። አንዱ ብሎን በጣት ይዞር ነበር። መፍቻውን አንስቶ ገጠመ።

ቀጭ።

"አሁን ንጂ፣ ልጄ" አሉ አናጢው ወንድይፍራው።